መጥቅዕ ለምን 14 አይሆንም?

የጾምና የበዓል ማውጫ የሆነውን ባሕረ ሐሳብ የሚማር ሰው ገና ሲጀምር የሚያጠናው አንድ ሕግ አለ። ለየዓመቱ የሚሰላው መጥቅዕ የተባለ ቁጥር ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ ከ14 ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ንቁ ተማሪ ወዲያው ይጠይቃል፦ ልክ 14 ቢሆንስ? መምህሩ «አይሆንም» ብሎ ያልፋል። መልሱን ላይ ላዩን ሲሰሙት የተከለከለ ነገር ያስመስላል። ነገር ግን መጥቅዕ 14 እንዳይሆን የከለከለ ሲኖዶስ የለም። በ325 (የውጭ ታሪክ ዓመታትን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ክርስቲያኖች ፋሲካን በአንድ እሑድ እንዲያከብሩ ተስማሙ እንጂ ስለዚህ ቁጥር ያወጡት ቀኖና የለም። ንጉሥም አልደነገገውም። ሆኖም በዚህ ስሌት መጥቅዕ 14 የሆነበት ዓመት የለም፤ ወደፊትም አይኖርም። ታዲያ ማን ከለከለው? ጥያቄው የሒሳብ ቢመስልም መጨረሻው ሃይማኖት ደጃፍ ላይ ነው የሚያደርሰን፤ እውነት ሁሉ የሰው ስምምነት ነው የሚለውን ሰው ያስቸግራል፣ እውነት ሁሉ የፈጣሪ ትእዛዝ ነው የሚለውንም እንዲሁ። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ መነሻውን የሚመርጠው ሰው ነው፤ ከመነሻው የሚከተለው ግን የማንም ምርጫ አይደለም፤ ይህን የማይለይ ሰው ቁጥርን ወይ ይንቀዋል ወይ ያመልከዋል።

ነገሩ እንዲጨበጥ የ2018 ዓ.ም.ን እንሥራው። 5500 ዓመተ ኵነኔ ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። 7518 ለ19 ሲካፈል 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል። ከትርፉ አንዱ ለዘመኑ ይታተታል፤ ያልተፈጸመ ዓመት ስለሆነ አይቆጠርም። የቀረው 12 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በጥንተ አበቅቴ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ለ30 ተካፍሎ ትርፉ ሲያዝ፣ አበቅቴው 12 ይወጣል። በጥንተ መጥቅዕ በ19 ተባዝቶ 228 ይሆናል፤ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ነው። 18 ከ14 ይበልጣልና በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ላይ ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ (ጭማሪ) 7 ስለሆነ ከ18 ጋር ተደምሮ መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ሰኞ፣ ይገባል። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነው፤ 25 ላይ 9 ሲጨመር 34፣ ሠላሳው ሲገደፍ 4። ፋሲካ ሚያዝያ 4። አንድ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ በጣቱ አፈር ላይ እየጻፈ ይህን ሁሉ ሊያወጣው ይችላል። ጨረቃን ማየት አያስፈልገውም፤ ሰማዩ ደመና ቢሆንም ግድ የለውም።

11ና 19 ከየት መጡ? የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ስሌቱን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጣል። ድሜጥሮስ በሌሊት 23 ሱባኤ፣ በመዓልት 7 ሱባኤ ይዞ ሲጸልይ ምሥጢሩ ተገለጠለት ይባላል። ሱባኤ ሰባት ነውና 23 ጊዜ 7፣ 161 ይሆናል፤ ለ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል። 7 ጊዜ 7፣ 49፤ ለ30 ሲገደፍ 19። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። መምህራኑ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ከ30 አይበልጡም አያንሱም ይላሉ፤ ባሰላነው ዓመት 12ና 18 እንደሆኑት ማለት ነው። ይህ የሆነው 23ና 7 ተደምረው 30 ስለሆኑ ነው። ሠላሳ ሱባኤ 210 ቀን ነው፤ 210 ደግሞ ለ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፈውም። እንግዲህ 11ና 19 ድምራቸው 30 ከሆነ በየትኛውም ወንበር ቢባዙ ትርፎቻቸው ተደምረው 30 መሙላታቸው አይቀርም። የድሜጥሮስን ጸሎት የሚያምን ሰውም፣ ትውፊቱን ኋላ የመጡ መምህራን ለማስታወሻ ያበጁት ነው የሚል ሰውም፣ በዚህች ነጥብ ላይ ሊለያዩ አይችሉም። ራእዩ ቁጥሮቹን ሊሰጥ ይችላል፤ ድምራቸውን 30 ያደረገው ግን ራእዩ አይደለም።

አሁን ወደ 14 እንመለስ። ወንበር የ19 ትርፍ ስለሆነ ከ0 እስከ 18 ብቻ ነው የሚሄደው፤ 19 ላይ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። እነዚህን አሥራ ዘጠኝ ወንበሮች በ19 እያባዛን ለ30 ብንገድፋቸው፣ በወንበር 7 መጥቅዕ 13 ሆኖ እናገኘዋለን፤ በወንበር 15 መጥቅዕ 15 ይሆናል። ጎረቤቶቹ ሁለቱም አሉ። 14 ግን የለም። 14ን የሚያወጣው ትንሹ ቁጥር 26 ነው፤ 26 ጊዜ 19፣ 494 ይሆናል፤ ከዚያ ላይ 480 ሲገደፍ 14 ይቀራል። ወንበር ደግሞ 26 ደርሶ አያውቅም። የከለከለው ይኸው ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ከ14 በላይና ከ14 በታች ብለው ሲደነግጉ መካከሉን ክፍት የተዉት ረስተው አይደለም፤ በዚያ በር የሚገባ ዓመት ስለሌለ ነው። ደግሞም 14 ሊመጣ ይችል እንደነበር አስቡ፤ ወንበር የሚዞርበትን ዐውደ አበቅቴ 19 ማድረጋቸውን ትተው 30 ቢያደርጉት ኖሮ 14 በየሠላሳ ዓመቱ አንድ ጊዜ ይመጣ ነበር። ምርጫው የእነሱ ነበር። ምርጫው ካለፈ በኋላ ግን የእስክንድርያ መንበር ሥልጣን ሁሉ ቢሰበሰብ አንዲት 14 ማስገባት አይችልም።

ምርጫዎቹ የሰው መሆናቸውን መካድ አያስፈልግም። 5500ን ውሰዱ፤ ቢዛንጣውያን ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5508 ቆጠሩ፤ አይሁድ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቆጠሩ። 19ም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ አቴናዊው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አካባቢ 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ሊገጥም ትንሽ እንደሚቀረው ያውቅ ነበር፤ ባቢሎናውያንም ያውቁት ነበር። ሊገጥም ትንሽ ይቀረዋል እንጂ አይገጥምም። በየ19 ዓመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስሕተት ይጠራቀማል፤ በ300 ዓመት ወደ አንድ ቀን ይጠጋል። ስለዚህ ዛሬ የባሕረ ሐሳቡ ጨረቃና የሰማዩ ጨረቃ በቀናት ይራራቃሉ። ይህን እንደ ትልቅ ምስጢር የሚያወራ ሰው አለ፤ የአባቶችን ስሌት ያፈረሰ የሚመስለው። ለእኔ ግን ይህ የክርክሬ ዋና ማስረጃ ነው። ጨረቃ ከስሌቱ ራቀች፤ ጨረቃ ፍጡር ናት፣ ትሸሻለች፣ ትዘገያለች። መጥቅዕ 14 አይሆንም የሚለው ግን በአንዲት ሰከንድ እንኳ አልተዛነፈም። ስለ ሰማይ የተነገረው ነገር ከጊዜ ጋር ሊሳሳት ቻለ፤ ስለ ትርፉ የተነገረው ግን የሚሳሳትበት ቀን የለውም። ሁለቱ እውነቶች የአንድ ዓይነት አይደሉም።

ይህ የቤተ ክህነት ነገር ብቻ መስሎ እንዳይታይ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ብዙም ሳይርቁ ወደ አየር ማረፊያው የጭነት ተርሚናል መሄድ በቂ ነው። እዚያም ቀን ከሌት የሚሠራበት ስሌት ማካፈልና ትርፍ መያዝ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚጫን ዕቃ፣ የዝዋይ ጽጌረዳም ይሁን ሌላ፣ ኤርዌይቢል የሚባል የጭነት ሰነድ አለው። ቁጥሩ 11 አሃዝ ነው፤ መጀመሪያ የአየር መንገዱ መለያ 071፣ ቀጥሎ ሰባት አሃዝ ተራ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ መቆጣጠሪያ አሃዝ። ይህች የመጨረሻዋ አሃዝ እንዲሁ የተለጠፈች አይደለችም፤ ሰባቱ አሃዝ ለ7 ሲካፈል የሚተርፈው ናት። ተራ ቁጥሩ 1234567 ቢሆን ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል፤ ስለዚህ ሙሉው ቁጥር 071-12345675 ተብሎ ይጻፋል። ለ7 የተካፈለ ቁጥር ከ6 በላይ አይተርፈውምና በ7፣ በ8 ወይም በ9 የሚያልቅ ትክክለኛ ኤርዌይቢል በዓለም ላይ የለም። ትራንዚተሩ ወረቀቱን ገልጦ እንዲህ ያለ ቁጥር ካየ ዕቃውን ሳያይ ቁጥሩ የተሳሳተ መሆኑን ያውቃል። የመጥቅዕ 14 ወንድም ማለት ይህ ነው።

ዘዴው የሚይዘውና የሚያመልጠው ስሕተት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። ጸሐፊው 3ና 4ን አዛውሮ 1243567 ቢጽፍ ትርፉ 3 ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ያለው 5 ነው፤ ኮምፒውተሩ ይመልሰዋል። ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ያለውን 1 ወደ 8 ቢለውጠው፣ 8234567 ለ7 ሲካፈል አሁንም 5 ይተርፋል፤ ስሕተቱ ሳይታይ ያልፋል። የሚያልፈው በ8ና በ1 መካከል ያለው ልዩነት 7 ስለሆነ ነው፤ 0ን በ7፣ 2ን በ9 መተካትም እንዲሁ ያመልጣል። ይህን ቀዳዳ የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ተሰብስቦ አልወሰነውም። ማኅበሩ 7ን መረጠ፤ ቀዳዳው ተከትሎ መጣ። በ10 ቢያካፍሉ ኖሮ የሚቆጣጠሩት የመጨረሻውን አሃዝ ብቻ ነበር፤ በ9 ቢያካፍሉ የተዛወሩ አሃዞች ሁሉ ያመልጡ ነበር፤ በ11 ቢያካፍሉ አንድ አሃዝ ሲሳሳትም ሁለት ጎረቤታሞች ሲዛወሩም አንዱም አያመልጥም፤ ግን አንዳንዴ 10 ይተርፋል፣ 10 ደግሞ በአንድ አሃዝ ቦታ አይጻፍም። የትኛው ይሻላል ብሎ መምረጥ የሰው ነው። የእያንዳንዱ ዋጋ ስንት እንደሆነ ግን አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ብርቱ ነው። ቁጥር ራሱ የሰው ፈጠራ አይደለም ወይ? ይላል። የቼዝን ሕግ የሠራው ሰው ነው፤ በነጭ ቤት የቆመ ጳጳስ ወደ ጥቁር ቤት አለመሄዱ ከሕጉ ይከተላል፤ ታዲያ ይህን ሰማያዊ እውነት የሚለው ማነው? እስማማለሁ፣ ግን ግማሹን ብቻ። ቼዝ በተሠራበት ቀን ያ ጳጳስ ወደ ጥቁር ቤት እንዳይሄድ ያደረገውን ነገር ፈጣሪዎቹም ሊሽሩት አይችሉም፤ ሕጉን ቀይረው ሌላ ጨዋታ ሊያደርጉት ይችላሉ እንጂ ያንኑ ሕግ ይዘው ውጤቱን ማስቀረት አይችሉም። ስለዚህ ምሳሌው ለእኔ እንጂ ለተቃዋሚው አይረዳም። ከዚህም ሌላ ቁጥር ከጨዋታ የሚለይበት ነገር አለ። ጨዋታ ከሰሌዳው አይወጣም። የእስክንድርያው ሊቅና የጭነት ሠራተኛው ግን አይተዋወቁም፤ አንዱ በዓል ያወጣል፣ ሌላው አበባ ይጭናል፤ ሁለቱም 7 ላይ ሲደርሱ አንድ ዓይነት ግድግዳ ይገጥማቸዋል። ተውሳኮቹ የተሰደሩት ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ እንዲውል ነው፤ የሚሠሩትም ሰባት ቀን ሲሞላ ዕለቱ ተመልሶ አንድ ስለሚሆን ነው። ኤርዌይቢሉም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

አጻጻፉ ይለያያል ማለትም አያዋጣም። 7518 በግእዝ ፸፭፻፲፰ ተብሎ ይጻፋል። በግእዝ አኃዝ ዜሮ የለም፤ ቁጥሩ የሚሰደረው በአሥር፣ በመቶና በእልፍ ነው፤ ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ በዜሮና በአንድ ብቻ ይቀመጣል። ሦስቱ ጽሕፈቶች ለዓይን ምንም አይመሳሰሉም። ነገር ግን በየትኛውም ቢጻፍ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። የአጻጻፍ ባሕርይና የቁጥር ባሕርይ የሚለዩት እዚህ ጋ ነው፦ ዓመቱ በ8 ያልቃል ማለት ስለ ጽሕፈት የተነገረ ነው፤ ለ7 ሳይተርፍ ይካፈላል ማለት ግን ስለ ራሱ ስለ ቁጥሩ ነው። 7518 የ2፣ የ3፣ የ7ና የ179 ብዜት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ዓመተ ዓለም 7517 ደግሞ ከ1ና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም፤ ብቸኛ ቁጥር ነው። ያን ዓመት በሙሉ በብቸኛ ቁጥር ውስጥ ስንኖር ማንም ልብ አላለም፤ ቁጥሩም የእኛን ልብ ማለት አልጠበቀም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ረቀቅ ይላል። ስለ ትናንሽ ቁጥሮች የምንናገረው በእጃችን ስለቆጠርናቸው ነው፤ ማንም አስልቶት ስለማያውቅ ግዙፍ ቁጥር ግን ይህ ነው ያ ነው ማለት ባዶ ነገር ነው፤ እውነቱ የሚወለደው ሲሰላ ነው ይላል። መልሱ በአንድ ቁጥር ታሪክ ውስጥ አለ። ማሪን መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ፣ 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ብቸኛ ነው ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ 147,573,952,589,676,412,927 ነው። ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1876 ኤዱዋር ሉካ የመርሴን ቃል ስሕተት መሆኑን አረጋገጠ፤ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም፣ አካፋዮች አሉት። ነገር ግን ሉካ አካፋዮቹን አላወቃቸውም። አሉ፤ ማን እንደሆኑ ግን አይታወቅም። እንዲህ ሆኖ ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ። በጥቅምት 1903 ፍራንክ ኔልሰን ኮል ኒው ዮርክ በተደረገ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ወደ ሰሌዳው ወጣ፤ አንድ ቃል ሳይናገር በአንድ በኩል ቁጥሩን አስልቶ ጻፈ፣ በሌላ በኩል 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ፣ ሁለቱ እኩል ወጡ፣ ተመልሶ ተቀመጠ ተብሎ ይተረካል። ተቃዋሚው እውነቱ የተወለደው በ1903 ነው ይለናል። እንዲያ ከሆነ በ1876 ሉካ ያረጋገጠው ስለ ምን ነበር? ኮልስ ሌሎች ሁለት ቁጥሮችን ሊያገኝ ይችል ነበር ወይ? አይችልም፤ አንድ ቁጥር የሚከፈልባቸው ብቸኛ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ብቻ ናቸው። ለፈጠራ ያልተተወ ቦታ ውስጥ ገብቶ የሚገኘው ነገር ግኝት ነው እንጂ ልደት አይደለም።

ይህ ደግሞ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ከቦሌ እስከ ሲኤምሲና አያት ድረስ በየካፌውና በየሱቁ ሰው ስልኩን አውጥቶ ሲከፍል መልእክቱ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ ነው የሚሄደው። በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው መቆለፊያዎች አንዱ፣ ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን በ1977 ያወጡት፣ የሚቆመው በአንድ ግዙፍ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ በተለመደው መጠን 617 አሃዝ አለው፤ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው። ቁጥሩ ራሱ በአደባባይ ነው፤ ማንም ሊያየው ይችላል። ሁለቱን አካፋዮቹን ግን ከቁጥሩ ተነሥቶ ማውጣት እስከ ዛሬ አልተቻለም፤ እስከ 2020 ድረስ ለፈተና ከቀረቡት ቁጥሮች የተፈታው ትልቁ 250 አሃዝ ነበረ፣ እሱም በብዙ ኮምፒውተሮች ርብርብ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ማሽን አውጥቶ በውስጡ ሸሸጋቸው፤ በዓይኑ ያነበባቸው ሰው ላይኖር ይችላል። እውነት የሚኖረው በሰው አእምሮ ውስጥ ብቻ ነው የሚል ፈላስፋ እሱም ሻይ ጠጥቶ ሒሳቡን በስልክ ሲከፍል በአፉ የካደውን በጣቱ ያምናል። ሌባው አካፋዮቹን የሚያጣቸው ስለሌሉ አይደለም፤ አሉ፣ ግን አይደረስባቸውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከአማኙ ወገን ነው፤ እኔ ከሁሉ የማከብረው ይህን ነው። ፈጣሪ ሁሉን ቻይ ከሆነ መጥቅዕን 14 ማድረግ ይሳነዋል ወይ? የማይችለው ነገር ካለ ቁጥር ከእርሱ በላይ ሆነ ማለት ነው። ዴካርት ይህን ፍርሃት ከልቡ ወስዶታል። በሚያዝያ 1630 በጻፈው ደብዳቤ የሒሳብ እውነቶችን እግዚአብሔር እንደ ንጉሥ ሕግ ደንግጓቸዋል አለ፤ ደብዳቤው የተጻፈለት ሰው ደግሞ ያው መርሴን ነው። አሳቡ ለፈጣሪ ክብር የቆመ ይመስላል። ግን ወዴት እንደሚወስድ ተመልከቱ። ድንጋጌ ከሆነ ሊሻር ይችላል፤ ሊሻር የሚችል ከሆነ ዛሬ 12ና 18 ድምራቸው 30 መሆኑ የንጉሥ ፈቃድ እስከቆየ ድረስ ነው። ያን ጊዜ እግዚአብሔር እውነተኛ ነው የሚለው ቃልም እንዲሁ ለጊዜው የቆመ ድንጋጌ ይሆናል። መጽሐፍ እግዚአብሔር ሊዋሽ እንደማይችል ሲናገር ድካሙን አያወራም፤ መዋሸት ኃይል ስላልሆነ ነው። 19 በ26 እንጂ በ18 ተባዝቶ 14 አለመስጠቱም የኃይል ማነስ አይደለም፤ 18ን 18 እያሉ ደግሞ 26 ማድረግ ሥራ ሳይሆን የቃል መጣረስ ነው። አውግስጢኖስ ከዴካርት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ የተሻለ መንገድ አሳይቷል። 6 አካፋዮቹ 1፣ 2ና 3 ተደምረው ራሱን የሚሆኑ ፍጹም ቁጥር ነው። አውግስጢኖስ እንዳለው 6 ፍጹም የሆነው ዓለም በስድስት ቀን ስለተፈጠረች አይደለም፤ ፍጥረት ባይኖርም 6 ፍጹም ነበር። ለእርሱ ይህ እውነት ከእግዚአብሔር ውጭ የቆመ ባላንጣ ሳይሆን በእግዚአብሔር ጥበብ ውስጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ አይገዛውም፣ አይታዘዘውምም። መጽሐፈ ጥበብ ፈጣሪ ሁሉን በቁጥርና በሚዛን እንዳደራጀ ሲናገር ሚዛኑን እያወቀ ያደራጃል እንጂ ሚዛኑን እያዛባ አይደለም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር ለብዙ ምእመናን አይጥምም። ቁጥርን ምልክት የማድረግ ልማድ አለን፤ 7 ቅዱስ፣ 40 የጾም፣ 12 የሐዋርያት። ምልክትነቱን አልጠላውም፤ ዜማና ሥርዓት በእርሱ ተሰናኝቷል። የምጠላው ምልክቱ የቁጥሩ ባሕርይ ሲመስለን ነው። 7 ኤርዌይቢልን የሚጠብቀው ቅዱስ ስለሆነ አይደለም፤ ከ10 ጋር የሚጋራው አካፋይ ስለሌለው ነው፤ ማንም ያላከበረው 11 ከእርሱ የተሻለ ይጠብቃል። 666ን ተመልከቱ። አዲስ ካርድ ወይም አዲስ መለያ ቁጥር በመጣ ጊዜ ይህን ቁጥር ፍለጋ የሚወጣ ሰው አይጠፋም፤ ደምሮ ቀንሶ፣ ፊደል ቆጥሮ፣ ያገኘዋል፤ መደመሪያውን እየመረጡ ከሄዱ የማይገኝ ቁጥር የለም። 666 ለ37 ይካፈላል፤ ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች ድምር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ብቸኛ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩም 666 ይሆናሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ስለ አውሬው ግን አንዲት ቃል አይናገርም። እንዲያውም አንዳንድ ጥንታዊ የራእይ ቅጂዎች በ666 ፈንታ 616 ይላሉ። ምልክቱ በጸሐፊ እጅ ሊለወጥ ይችላል። 666 ለ37 መካፈሉን ግን የሚለውጥ ጸሐፊ የለም። ከሁለቱ የትኛው ለዘላለማዊ ነገር እንደሚቀርብ አንባቢ ይፍረድ።

እንግዲህ ቁጥር የእግዚአብሔርን መኖር ያስረዳል ወይ? ያስረዳል የሚሉ አሉ፤ እኔ እስከዚያ አልሄድም። ከሰው ውሳኔ ውጭ የቆመ እውነት አለ እስከሚለው ድረስ ክርክሩ ያደርሰናል። ያ እውነት በመለኮት ጥበብ ውስጥ ይኖራል ወይስ በራሱ ቆሟል የሚለውን ማካፈል ብቻውን አይፈታውም፤ ለአብርሃም የተገለጠውን አምላክ ደግሞ ማንም በትርፍ አላገኘውም። በዚህ ነጥብ ከአውግስጢኖስ ጋር የምቆመው በእምነት እንጂ በስሌት አይደለም፤ ሁለቱን መደባለቅ ሁለቱንም ያረክሳል። ነገር ግን ዘመኑ እውነት ሁሉ የወገን ነው፣ ብዙ ሰው ያለው ይጸናል፣ የሚል ዘመን ነው። ለዚህ ዘመን ባሕረ ሐሳብ ከጾምና ከበዓል ማውጫነቱ በላይ አገልግሎት አለው። የአብነት ተማሪው ከመምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ሲገድፍ መምህሩን ማታለል አይችልም፤ መምህሩም ተማሪውን በሥልጣኑ ማሸነፍ አይችልም። ትርፉ 13 ከሆነ 13 ነው፤ ሊቁም ደቂቁም ይቀበለዋል። ሥርዓተ ትምህርታችን ይህን ስሌት ከታሪክ ክፍል አውጥቶ ወደ ሒሳብ ክፍል ቢያስገባው፣ ቤተ ክርስቲያንም በቃል ከማስጠናት አልፋ ለምን እንደሚሠራ ብታስረዳው፣ የሚጠፋ ምሥጢር የለም፤ እንዲያውም አሁን የተደበቀው ይገለጣል።

አንባቢ ይህን በራሱ እጅ ይፈትነው። ለ2019 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7519 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፣ ወንበሩ 13፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7። 7 ከ14 ያንሳልና በዓለ መጥቅዕ ወደ ጥቅምት ይሻገራል፤ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው፣ የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ መባጃ ሐመሩ 15። ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል።